የዩኒቨርሲቲ የጾታዊ ትንኮሳ መመሪያ ሲረቀቅ፦ አቤቱታው በማን እጅ ይለፍ?

አርቃቂ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የጾታዊ ትንኮሳና ጥቃት መመሪያ እየተረቀቀ ነው። ረቂቁ «ዩኒቨርሲቲው የሴቶችን መብት ያከብራል፣ ያስከብራል» ብሎ ይጀምርና አቤቱታው ከዲፓርትመንት ኃላፊ ወደ ዲን፣ ከዲን ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ እንዲሄድ ያዛል። ይህ መንገድ ምን ችግር አለው? የጊዜ ገደቡስ ስንት ቀን ይሁን? ምርመራው እስኪያልቅ ተማሪዋ የምትጠበቀው እንዴት ነው? በተለይ የተከሰሰው የመመረቂያ ጽሑፏ አማካሪ ሲሆን።

ሚዛን

ዋናው ችግር መንገዱ ራሱ ነው። መምህሩ ሲከሰስ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ባልደረባው ነው፤ ነገ ደግሞ ወንበሩን ሊለዋወጡት ይችላሉ። ኃላፊው ቀና ሰው ቢሆን እንኳ ቀድሞ የሚታየው «ሁለቱንም ጠርቼ ላነጋግራቸው» የሚለው ነው። ውጤት ሰጪና ውጤት ጠባቂ ግን እኩል ሆነው አይሸማገሉም። ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ አቤቱታ የሚቀበለው ለፕሬዚዳንቱ በቀጥታ ተጠሪ የሆነ ቢሮ ነው፤ ማንኛውም ኃላፊ አቤቱታ ከደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ለዚያ ቢሮ ያስተላልፋል እንጂ አያጣራም፣ አያስታርቅም።

ቀጥሎ መናገርና መክሰስ ይለያዩ። የምክር አገልግሎት፣ ሕክምና ወይም የዶርም ለውጥ የምትፈልግ ተማሪ የክስ ቅጽ ካልፈረመች አታገኝም ከተባለ ብዙዎቹ ሁለቱንም ይተዉታል። ድጋፉ ያለ ክስ ይሰጥ። ክሱን መቼ እንደምታቀርብ፣ ጨርሶ ታቀርብ እንደሆነም የእሷ ውሳኔ ይሁን። ለሌሎች ተማሪዎች አደጋ ሲኖር ቢሮው ያለ ፈቃዷ ሊንቀሳቀስ የሚችልበት ሁኔታ ካለ ግን ገና ሳትናገር ሊነገራት ይገባል።

ስለ ጊዜ ገደብ፦ በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን የሚከለክለው የሕንድ የ2013 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ጥሩ መነሻ ነው። አቤቱታ በ3 ወር ውስጥ ይቀርባል፣ በቂ ምክንያት ካለ ሌላ 3 ወር ይጨመራል። ምርመራው በ90 ቀን ያልቃል፣ ሪፖርቱ በ10 ቀን ይቀርባል፣ እርምጃው በ60 ቀን ይወሰዳል። በእኔ አስተያየት የማቅረቢያው 3 ወር ለተማሪ ያጥራል፤ ብዙዎች አፋቸውን የሚከፍቱት ውጤታቸው ከተመዘገበ በኋላ ነው። ሌላው ገደብ ግን ያስፈልጋል። ከሌለ ተማሪዋ ትመረቃለች፣ ፋይሉም በመሳቢያ ይቀራል። የኮሚቴውን አሠራርም ከዚያው ሕግ ውሰዱ፦ ሰብሳቢዋ ከፍ ያለ ኃላፊነት ያላት ሴት፣ ከአባላቱ ቢያንስ ግማሹ ሴቶች፣ አንዱ ደግሞ ከተቋሙ ውጭ የመጣ። ያለ ውጭ ሰው የሚሠራ ኮሚቴ ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ጉባኤ ይሆናል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ የማስረጃ ሚዛኑን ጻፉ። ዲሲፕሊን የወንጀል ችሎት ስላልሆነ «ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እውነት ይመስላል» የሚለው ይበቃል። ካልተጻፈ አባላቱ የዓይን ምስክር መጠየቃቸው አይቀርም። በተዘጋ ቢሮ የተፈጸመ ነገር ደግሞ ምስክር የለውም።

መዝገብ ክፍል

ሦስተኛውን ጥያቄ ልያዘው። በብዛት የሚበላሸው «ጊዜያዊ የጥበቃ እርምጃ» ሴቷን ከቦታዋ የሚያነሳ ሲሆን ነው፦ ሴክሽን ትቀይራለች፣ ኮርሱን ትጥላለች፣ ሴሚስተር ታቋርጣለች። ያኔ ከፋዩዋ እሷ ሆነች ማለት ነው። መነሳት ያለበት ተከሳሹ ነው፤ ቅጣት ስላልሆነ ደመወዙም ደረጃውም አይነካም።

አማካሪ ሲሆን አዲስ አማካሪ በ5 የሥራ ቀን ይመደብ፤ የቀድሞው ከፈታኞች ዝርዝር ይውጣ። የሠራችው ውሂብ፣ የላቦራቶሪ ፈቃዷና የጥናት ገንዘቧ በእሱ ስም የተመዘገበ ሊሆን ስለሚችል ይህም አብሮ ይዛወር። ይህ ካልተጻፈ አዲሱ አማካሪ በወረቀት ብቻ ይቀራል። ፈተናዎቿ ስም ተሸፍኖ በሌላ መምህር ይታረሙ፤ የተሰጡ ውጤቶችም እንደገና የሚታዩበት መንገድ ይኑር። ፈጻሚው በስም ይጠቀስ፦ ሬጅስትራሩ፣ የድኅረ ምረቃ ዲኑ፣ የዶርም ኃላፊው። «የሚመለከተው አካል» የሚል ሐረግ ካያችሁ ሰርዙት፤ ማንንም አይመለከትም ማለት ነው።

ክሊኒክ

በአካል የተፈጸመ ጥቃት ከሆነ ከቅጽ በፊት ሰዓት ይቆጠራል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና 28 ቀን መወሰድ አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ቢሰጥም ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ክሊኒኩ የአቤቱታ ቁጥር ወይም የፖሊስ ደብዳቤ ሳይጠይቅ እንዲያክም በመመሪያው ይታዘዝ፤ ቅዳሜና እሑድ ሌሊትም ማን እንደሚቀበላት ይጻፍ።

ልብሷ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። ፕላስቲክ እርጥበት ስለሚይዝ ናሙናውን ያበላሸዋል። ታጥባ ከመጣችም «በቃ ዘግይቷል» ተብላ አትመለስ፤ ሕክምናውም ምርመራውም አሁንም ይጠቅማል። የስልክ መልእክት ከሆነ ቀኑና የላኪው ቁጥር እንዲታይ ሆኖ በፎቶ ይቀመጥ፣ ዋናውም አይሰረዝ።

አርቃቂ

በጣም አመሰግናለሁ። ከአርቃቂ ኮሚቴው አባላት አንዱ «ሐሰተኛ አቤቱታ ያቀረበች ትቀጣለች» የሚል አንቀጽ ካልገባ አልፈርምም ብሏል። ምን ይባል?

ሚዛን

ከገባም ከነጥንቃቄው ይግባ። ሆን ተብሎ በክፋት የቀረበ ሐሰትና ያልተረጋገጠ አቤቱታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሕንዱ ሕግም አቤቱታን ማስረዳት አለመቻል ብቻውን አያስቀጣም ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌለ አንቀጹ ማስፈራሪያ ይሆናል። ከጎኑም የበቀል ክልከላ ይቀመጥ፦ ውጤት መቀነስ፣ የድጋፍ ደብዳቤ መከልከል፣ ምስክሮችን ማግለል ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ዋናው ክስ ባይረጋገጥም ያስቀጣል።

አንቀጽ 10

ለማይፈርሙት አባል የሕግ መሠረቱን አሳዩዋቸው። በ1979 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው በሴቶች ላይ የሚደረገውን መድልዎ የሚያስወግደው ስምምነት በአንቀጽ 10 ትምህርትን ይመለከታል፤ ሴቶች ትምህርት እንዳያቋርጡ ማድረግንም ይጨምራል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው የአፍሪካ የሴቶች መብት ፕሮቶኮል (የማፑቶ ፕሮቶኮል) አንቀጽ 12 ደግሞ በትምህርት ተቋማት የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ጠርቶ በአድራጊዎቹ ላይ ቅጣት፣ ለተጎጂዎች ምክርና ማገገሚያ ይጠይቃል። ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ ድርጅቶች የሚወጡ ከሆነ የዓለም የሥራ ድርጅት 190ኛ ስምምነት (2019 እ.ኤ.አ.) ተለማማጆችንም ይሸፍናል፤ የልምምድ ውሉ ላይ የአቤቱታ ተቀባዩ ስልክ ይጻፍ።

ረቂቁ ስለ እርግዝና ምንም የማይል ከሆነ እሱንም ጨምሩ፦ የወለደች ተማሪ ያለ ዲሲፕሊን ጥያቄ ፈቃድ ትውሰድ፣ ያመለጣትን ፈተና ትፈተን፣ ስትመለስ ዶርሟና የነፃ ትምህርት ዕድሏ ይጠብቃት።