ላንድክሩዘሬ ዳገት ላይ ይፈላል፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይውረድ ወይስ ይቆይ?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አሮጌ ላንድክሩዘር አለኝ፤ ባለ 4.2 ሊትር ዋን ኤች ዚ ናፍጣ ሞተር። ከተማ ውስጥ ምንም አይለውም። ከጎሃ ጽዮን የአባይ በረሃን ሲወርድም ሰላም ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀምር ግን የሙቀቱ ጌጅ ቀስ በቀስ ወደ ቀዩ ይጠጋል። ዳር ይዤ ኮፈኑን ስከፍት የላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የውሃ ጎማ) እንደ ድንጋይ ተወጥሯል፤ ትርፍ ውሃ መያዣው ውስጥ ይንተከተካል።

ራዲያተሩ ታጥቧል፣ ክዳኑም ተቀይሯል። መካኒኩ ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ የውሃውን ዝውውር የሚከፍትና የሚዘጋውን) ነቅሎ ሊጥለው ነበር፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ዘይቱ ውሃ ገብቶበት አልነጣም፣ ጭሱም ደህና ነው። ውሃው ግን ሁሌ ትንሽ ይጎድላል፤ መሬት ላይ ደግሞ ጠብታ የለም። እሱ ነው ያሳሰበኝ።

ሌላም አለ። ሞተሩ ግሎ ሳጠፋው ቬንትሌተሩን (ማራገቢያውን) በእጄ ብገፋው ያለ ምንም ትግል ይሽከረከራል። የፋን ክላቹ (ቬንትሌተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው) የሲሊኮን ዘይት አልቆ ይሆን? ወይስ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ነው? ጋራዡ "ቴስታታው ይውረድ" ብሎ ድርቅ ብሏል፤ ወጪው ደግሞ ወገብ ይቆርጣል። ሳላስወርድ ጓርኒሲዮኑን የማስፈትሽበት መንገድ ካለ ንገሩኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የፋን ክላች ዘይት የት ይገኛል?