ሁለተኛ የኪራይ ቤት ስለመግዛት፦ ለጉባኤው የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እንጻፍ

ሰብሳቢ፦ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ የመጀመሪያው ረቂቅ «ባጠራቀምነው ገንዘብና በባንክ ብድር ሁለተኛ የኪራይ ቤት እንግዛ» ብሎ ያበቃል። ይህ ብቻ ለጉባኤ አይቀርብም። የጎደለውን ጨምሩበት።

ሒሳብ ያዥ፦ ረቂቁ ኪራዩን በ12 ወር አባዝቶ ገቢ ብሎታል። ቤት ግን ዓመቱን ሙሉ አይከራይም። ተከራይ ይወጣል፣ ቀለም ይቀባል፣ አዲስ ሰው ይፈለጋል። ሙሉ ገቢው 100 ነው እንበል። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢውል 92 ገደማ ይቀራል። ለግብር፣ ለኢንሹራንስ፣ ለጥገናና ለአስተዳደር 35 ቢወጣ 57። ከዚያ ላይ የብድር ክፍያው 45 ቢሆን የምትተርፈን 12 ናት። ሁለት ወር ባዶ ከሆነ 3 ብቻ! አበዳሪዎች ብዙ ጊዜ የተጣራው ገቢ (ወጪ ተቀንሶ፣ ብድር ሳይከፈል የሚቀረው) ከብድር ክፍያው በ25 በመቶ እንዲበልጥ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። በዚህ ስሌት የምናልፈው ለጥቂት ነው። ስለዚህ ብድሩ ያንስ፣ ወይ ርካሽ ቤት ይፈለግ።

አባል፦ ኪራዩን 5 በመቶ ብንጨምርስ? ክፍተቱን አይሸፍነውም?

ሒሳብ ያዥ፦ ተከራዩ ከቆየ ጥሩ። በጭማሪው ምክንያት ወጥቶ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ከዋለ ግን ያጣነውን ለመመለስ 20 ወር ይፈጅብናል። የቀለሙንና የጽዳቱን ወጪ ሳንቆጥር። በጊዜው የሚከፍልና ቤቱን የሚንከባከብ ተከራይ ካለን እሱን ማቆየት ነው የሚያዋጣን።

የጥገና ኃላፊ፦ በዚህ እስማማለሁ። ተከራይ የሚሸሸው ደግሞ በኪራይ ብቻ አይደለም፤ «ቧንቧው ያፈሳል» ብሎ ተናግሮ የሚሰማው ሲያጣ ነው። ውሃ፣ ኤሌክትሪክና የበር ቁልፍ በ24 ሰዓት ውስጥ ሰው እንዲላክላቸው ሐሳቡ ላይ ይጻፍ። የምትንጠባጠብ ቧንቧ ዝም ከተባለች ወለሉንም ግድግዳውንም ታበላሻለች።

ሌላው፣ ጥገናን አንድ ቁጥር አታድርጉት። የተቃጠለ ሶኬት የዕለት ወጪ ነው። ጣሪያና የውሃ ማሞቂያ ግን ዕድሜ አላቸው። ማሞቂያ በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ዓመት ይሠራል፤ ሲያልቅ «ድንገት» ልንል አይገባም። ለእነዚህ የሚሆን የመጠባበቂያ ገንዘብ ኪራይ በገባ ቀን ተነስቶ ይቀመጥ። ከተረፈው እናስቀምጣለን ካልን መቼም አይተርፍም። ቤቱን ከመግዛታችን በፊት ደግሞ ባለሙያ ይየው፤ ከሻጩ ጋር ያልተዋወቀ ባለሙያ።

ጸሐፊ፦ ተከራይ ሲገባ የሚያስይዘው የመያዣ ገንዘብም አለ። የተከራዩ ነው፣ የእኛ አይደለም። በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። ተከራይ ሲገባ ቤቱ ክፍል በክፍል ፎቶ ይነሳ፣ ሁለቱም ወገን ይፈርም። በአጠቃቀም የደበዘዘ ቀለምና የተሰበረ በር አንድ አይደሉም። ይህ ካልተለየ ሲወጣ ጭቅጭቅ ነው።

አባል፦ እሺ፣ ለኛስ ትርፍ መቼ ይከፋፈላል? ብዙዎቻችን የገባነው ለዚህ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። የስድስት ወር ወጪና የብድር ክፍያ ሳይጠራቀም ክፍፍል አይኑር እላለሁ።

አባል፦ ስድስት በዛ። ሦስት ይሁን።

ሰብሳቢ፦ ሁለቱም አማራጭ ይግባ፣ ጉባኤው ይምረጥ። የተቀረው ላይ ተስማምተናል፦ ባዶ ወር በስሌቱ ይግባ፣ መጠባበቂያ ከኪራዩ ቀድሞ ይነሳ፣ መያዣው ተለይቶ ይቀመጥ፣ አስቸኳይ ጥገና በ24 ሰዓት። የቀረው አንድ ነገር ነው። አባል ራሱ መከራየት ይችላል?

ጸሐፊ፦ ይችላል፣ ግን እንደማንኛውም ተከራይ። ያው ውል፣ ያው ኪራይ፣ ያው መያዣ። ኪራይ ሲያዘገይ «የኛው ሰው ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ የራሱ ጉዳይ ሲነሳም ድምፅ አይስጥ። አንቀጹን ዛሬ ማታ ጽፌ አመጣለሁ።