ብሮክን ሂልን ለማየት ላሰባችሁ የሜልበርን ልጆች

በረሃ ዳር ስላለችው የማዕድን ከተማ ስለ ብሮክን ሂል ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ እስቲ በደንብ ልጻፈው። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስተኛም እሄዳለሁ።

ከመጓጓዣው ልጀምር። ከሲድኒ የሚነሳው የመንግሥት ባቡር በሳምንት አንዴ ነው፤ ሰኞ ይሄዳል፣ ማክሰኞ ይመለሳል። ስለዚህ ወይ አንድ ሌሊት አድራችሁ ትመለሳላችሁ፣ ወይ ሳምንት ሙሉ ትከርማላችሁ። ከአደሌድ በትንሽ አውሮፕላን መብረር ይቻላል፤ ግን እዚያ ስትደርሱ መኪና መከራየታችሁ አይቀርም። የእኔ ምርጫ የራስ መኪና ነው። ከሜልበርን ወደ 840 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ባንድ ቀን አትሞክሩት። ሚልዱራ እደሩ፤ ለማግስቱ 300 ገደማ ይቀራችኋል።

ከዌንትወርዝ በኋላ ከተማ የሚባል የለም። መሀል ላይ ኩምባ የምትባል አንዲት የነዳጅና የምግብ ማረፊያ አለች፣ በቃ። ነዳጅ ሞልታችሁ ውጡ፣ ውሃ በጀሪካን ያዙ። ለስልክ በገጠሩ ሰፊ ሽፋን ያለው ቴልስትራ ነው። እኔ በርካሽ ሲም ሄጄ ኔትወርክ የሚባል ጠፋ፤ ካርታውን ቀድመን ስላወረድነው ተረፍን። ደግሞ ሳይመሽ ድረሱ። አመሻሽ ላይ አንድ ካንጋሩ ከቁጥቋጦው ዘሎ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ባለቤቴ «እመቤቴ ድረሽ!» ስትል ፍሬኑን ረገጥኩት። መብራቱን ትክ ብሎ አይቶ፣ ዞር ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሲመሽ አልነዳም።

ሰዓታችሁንም አስተካክሉ። ከተማዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ብትሆንም የምትጠቀመው የደቡብ አውስትራሊያን ሰዓት ነው፤ ከሜልበርን በግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

ማደሪያ ሞቴልም፣ ከመጠጥ ቤት በላይ ያለ የጥንት ክፍልም አለ። ቤተሰብ ካላችሁ ግን ኩሽና ያለው የድሮ የማዕድን ሠራተኞች ቤት ተከራዩ። እንጀራ አታገኙም፤ ከፉትስክሬይ ድርቆሽና በርበሬ ይዛችሁ ሂዱ። ጾም ከሆነ ደግሞ ይሄ ግድ ነው፤ የአገሬው ሰው የሚወደው ሰላጣ እንኳ ካሮት በተፈቀፈቀ አይብና በማዮኔዝ ነው። ልጆች ካሉ ፓተን ጎዳና ያለው ቤልስ ሚልክ ባር ይወሰዱ፤ የ1950ዎቹ መልኩ እንዳለ ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ያለውን የበራሪ ሐኪሞች ማዕከል እላለሁ። አገልግሎቱ የተጀመረው በ1928 ነው። ሐኪም አውሮፕላን ተሳፍሮ ሩቅ ገጠር ያለ በሽተኛ ዘንድ ይሄዳል። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት የአያቴን አገር ነው፤ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው፣ እየተፈራረቁ፣ ገደል የሚወጡትን ወንዶች። ዓይኔ እንባ ሞላ። ልጆቼ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ እዚያው ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው።

ከተማዋን የሠራት ብር፣ እርሳስና ዚንክ ነው፤ ትልቁ የማዕድን ኩባንያ ቢኤችፒ በ1885 የተመሠረተው እዚሁ ነው፣ ስሙንም ያገኘው ከዚህችው ከተማ ነው። ኮረብታው ላይ ያለው መታሰቢያ በሥራ ላይ የሞቱ ከ800 በላይ ሰዎችን ስም ይዟል። ከስሙ ጎን እንዴት እንደሞቱ ተጽፏል፦ ድንጋይ ተንዶበት፣ ጉድጓድ ገብቶ። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የግመል ነጂዎቹ መስጊድም አያምልጣችሁ። ከአፍጋኒስታንና ከህንድ የመጡ ነጂዎች የሠሩት ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ነው። ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚከፈት ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሲልቨርተን የምትባለው የድሮ የማዕድን መንደር ከከተማዋ 25 ኪሎ ሜትር ናት፤ ግማሽ ቀን ይበቃታል። ለምሽቱ ግን በ1993 የተጠረቡት 12 የአሸዋ ድንጋይ ሐውልቶች ያሉበት ኮረብታ ይሻላል። መግቢያ ይከፈላል፤ በሩ የሚዘጋበትን ሰዓት አረጋግጡ። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ሂዱ። ያኔ ሲመሽ ይበርዳልና ጋቢ አትርሱ፤ ቡናውን በፔርሙስ ያዙ።