ራይቲንግ ሴንተር ቀጠሮ አለኝ፣ ምን ይዤ ልሂድ?

ሚኪ_የሸገር፦
ሰላም ቤተሰብ። ሜሪላንድ ውስጥ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ኢንግሊሽ 101 እየወሰድኩ ነው። የመጀመሪያውን ኢሴዬን ፕሮፌሰሯ «ቲሲስህ (የምትከራከርለት ዋና ሐሳብ) የት አለ?» ብላ መለሰችልኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም። አስተካክዬ እስከ እሑድ ማታ ማስገባት እችላለሁ። ሐሙስ ራይቲንግ ሴንተር (ኮሌጁ ተማሪን በጽሑፍ ሥራ የሚያግዝበት ቦታ) ከቲዩተር ጋር የ30 ደቂቃ ቀጠሮ ይዣለሁ። በዚያች ሰዓት ሙሉውን ያርሙልኛል? እንግሊዝኛ ስናገር ስለምደነባበር ዝም ብዬ ወረቀቱን ብሰጣቸው ደስ ይለኛል።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ፦
ወንድሜ፣ እነሱ አራሚ አይደሉም። ወረቀቱን ሰጥተህ፣ ቡናህን ጠጥተህ ስትመለስ ተስተካክሎ የሚጠብቅህ ከመሰለህ ታዝናለህ። ሥራቸው እየጠየቁ አንተኑ ማሠራት ነው። ገና ቁጭ እንዳልክ «ዛሬ ምን ላይ እንሥራ?» ይሉሃል። «ሁሉም ላይ» ካልክ ሰዓቱ መግቢያው ላይ ያልቃል። ጥያቄህን ጽፈህ ሂድ፣ ያንተ ደግሞ ቲሲሱ ነው፣ አለቀ። ከምንም በላይ ግን ፕሮፌሰሯ የሰጠችውን የአሳይንመንት ወረቀት እንዳትረሳ፣ ሩብሪክ (የማርክ አሰጣጥ መመዘኛ) ካለው እሱንም። ምን እንደጠየቀችህ ሳያውቁ በምን ይርዱህ? አስተያየቷ ያለበትን ኮፒም ያዝ።

የድሮ_ቲዩተር፦
ተማሪ እያለሁ እዚያ ሠርቻለሁ፣ የኛ ልጆች ላይ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርህ። እኛ ነገር የምንጀምረው ከሩቅ ነው፤ ታሪኩ፣ ምክንያቱ፣ ዙሪያ ጥምጥሙ ካለቀ በኋላ ነው ዋናው ጉዳይ የሚመጣው። እዚህ አገር መምህሩ ዋናውን መግቢያው ላይ ይፈልገዋል፣ ብዙ ጊዜ የመግቢያው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ። ስለዚህ ከመሄድህ በፊት መደምደሚያህን አንብብ፣ ቲሲሱ እዚያ ተደብቆ ልታገኘው ትችላለህ። «ሶሻል ሚዲያ ጥቅምም ጉዳትም አለው» ዓይነት ከሆነ ግን ቲሲስ አይባልም፣ ማን ይከራከርሃል? «ኮሌጆች ስልክን ከክፍል መከልከል አለባቸው፣ ምክንያቱም…» ስትል ነው «ኧረ በፍጹም» የሚልህ ሰው የሚነሳው።

ሌላው፣ ዓረፍተ ነገር ዝጋ። በአማርኛ ሄጄ፣ አይቼ፣ ጠይቄ፣ ተመለስኩ እያልን እንቀጥላለን። ያንን በእንግሊዝኛ በኮማ ብቻ ስታያይዘው ራን ኦን ነው ይሉሃል።

ጮክ ብለህ እንድታነብም ሊጠይቁህ ይችላሉ። አክሰንትህን ሊሰሙ አይደለም፤ አንደበትህ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ስህተት አለ። ካልተመቸህ «አንተ አንብብልኝ» በል፣ ነውር የለውም።

ቤቢ_ቨርጂኒያ፦
ምን አስለፋህ? ቻትጂፒቲ ላይ ለጥፈው፣ በአንድ ደቂቃ ያስተካክልልሃል 😂

የሲልቨር_ስፕሪንጓ፦
አንቺ ልጅ፣ ከትምህርት ልታስባርሪው ነው እንዴ? መጀመሪያ ሲለበሱ (የኮርሱ መመሪያ ወረቀት) ላይ ስለ ኤአይ ምን እንደተጻፈ ይይ። ደግሞስ ፕሮፌሰሯ ቢሮዋ ጠርታ «ይቺን አንቀጽ አስረዳኝ» ብትለው ምን ሊመልስ ነው?

ሚኪ_የሸገር፦
እግዜር ይስጥልኝ። መደምደሚያዬን አየሁት፣ እውነትም አንድ ቲሲስ የሚመስል ነገር አለ፣ ወደ ላይ አውጥቼዋለሁ። ላፕቶፕ ይዤ ልሂድ ወይስ ፕሪንት ላድርገው?

የድሮ_ቲዩተር፦
ሁለቱንም። ፕሪንቱ ደብል ስፔስ ይሁን፣ በመስመሮቹ መሃል ትጽፍበታለህ። ለቲዩተሩም ይቺን የመለስክልንን ቀድመህ ንገረው፦ «ቲሲሴን ከመጨረሻ ወደ መግቢያ አምጥቻለሁ፣ አሁን አንቀጾቼ ከሱ ጋር ይሄዳሉ ወይ?» በለው። እንደዚያ ከገባህ 30 ደቂቃው ይበቃሃል። ከወጣህ በኋላ ደግሞ ወደ ቤት ሳትሮጥ እዚያው ላይብረሪ ቁጭ ብለህ ያወራችሁትን ጻፈው፣ ባቡር ላይ ይጠፋል።