ክርክር፦ የብሮውዘር ድብቅ ሴቲንጎች ለሁሉም ክፍት ይሁኑ ወይስ ይቆለፉ?

ጉዳዩን ያነሳው፦ ፋየርፎክስ ላይ አባውት ኮንፊግ፣ ክሮም ላይ ደግሞ ፍላግስ የሚባል ገጽ አለ። ከተለመደው ሴቲንግ ውስጥ የማታገኟቸው ብዙ ነገሮች እዚያ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ኤፍ 12 ስትጫኑ ደግሞ ዴቭቱልስ፣ ማለትም የገጹን ውስጣዊ ኮድ የሚያሳየውና የሚያስነካካው መሣሪያ፣ ይከፈታል። እኔ የምለው፣ ይደበቁ ግን አይቆለፉ። ኮምፒውተሩ የኔ ነው፣ ብሮውዘሩም ሊታዘዝ የሚገባው ለኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ፋየርፎክስ ለአንድሮይድ እንደ አዲስ ተሠርቶ ሲወጣ አባውት ኮንፊግ ከዋናው ስሪት ጠፍቶ ቤታና ናይትሊ ለሚባሉት የሙከራ ስሪቶች ብቻ ቀረ። ያኔ የተናደዱት ሰዎች ልክ ነበሩ። እስቲ ተቃወሙኝ።

የሄልፕ ዴስክ ሰው፦ ወንድሜ፣ "ክፍት ይሁን" የሚለው ሁልጊዜ ስልክ የማይደወልለት ሰው ነው። አንዷ ባልደረባችን "ፎርሙ አልጽፍ አለኝ" ብላ ጠራችኝ። ትጽፋለች፣ ምንም አይታይም። ለካ ፍላግስ ውስጥ ድረ ገጽን ሁሉ በግድ ጥቁር የሚያደርገውን ዳርክ ሞድ አብርታዋለች። ፊደሉ ጥቁር፣ ጀርባው ጥቁር። ቪዲዮ አይታ ነው ያበራችው፣ ከዚያ እርግፍ አድርጋ ረስታዋለች። ስትሰድብ የከረመችው ግን ድረ ገጹን ነው።

ጉዳዩን ያነሳው፦ ሪሴት ኦል የሚለውን አንዴ መጫን አይበቃም ነበር?

የሄልፕ ዴስክ ሰው፦ በቃ እንጂ። ችግሩ ከዚያ መምጣቱን እስክናውቅ ነው እንጂ ግማሽ ቀን የፈጀብን።

ድረ ገጽ ሠሪዋ፦ ዳርክ ሞድ ቀላሉ ነው። የሚያስፈራው ኮንሶሉ ነው፣ ዴቭቱልስ ውስጥ ኮድ ጽፈህ የምታሠራበት ቦታ። "ይህን ኮድ ፔስት አድርጉ፣ የፈለጋችሁትን ሰው አካውንት ትከፍታላችሁ" የሚል ማታለያ አለ። ኮዱ የሚሠራው በራስህ ስም በተከፈተው ገጽ ላይ ስለሆነ የሚወሰደው ያንተው አካውንት ነው። ሴልፍ ኤክስኤስኤስ ይሉታል። ፌስቡክ ኮንሶሉ ላይ በትልቁ "ቁም!" ብሎ የሚጽፈው ለዚህ ነው። ክሮምና ፋየርፎክስም ኮንሶሉን ለማያዘወትር ሰው ፔስት ማድረጉን ይከለክላሉ። መጀመሪያ "መለጠፍ ይፈቀድ" የሚል ትእዛዝ በእንግሊዝኛ፣ በእጅህ መጻፍ አለብህ። እኔ ይህን እወደዋለሁ። ሳይቆልፍ ያዘገይሃል።

የሄልፕ ዴስክ ሰው፦ አታላዩም እኮ "መጀመሪያ ይህን ጻፍ" ብሎ ያዝዘዋል!

ድረ ገጽ ሠሪዋ፦ ያዝዘዋል። ግን እየጻፈ ሳለ "ቆይ፣ ምንድን ነው የምፈቅደው?" የሚል ሰው ይኖራል። "ተረድቻለሁ" የሚለውን በተን ግን ማንም ሳያነብ ነው የሚጫነው። ድሮ ፋየርፎክስ ማስጠንቀቂያው ላይ "ዋስትናዎን ሊያሳጣዎት ይችላል" ብሎ ይቀልድ ነበር። ነጻ ሶፍትዌር ምን ዋስትና አለው! ስቀን አልፈነዋል።

አስተማሪው፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። መሣሪያውን "አደገኛ" ካልነው፣ የተጠቀመውን ሰው ወንጀለኛ ማለት ይቀለናል። በአሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ጋዜጠኛ የመምህራን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ማለትም ሚስጥር መሆን ያለበት የግል መለያ ቁጥራቸው፣ በመንግሥት ድረ ገጽ ሶርስ ኮድ (ገጹ የተሠራበት ጽሑፍ) ውስጥ መኖሩን አየ። ጋዜጣው ለመሥሪያ ቤቱ ነገረ፣ ቀዳዳው እስኪዘጋም ዜናውን አላወጣም። አገረ ገዢው ማይክ ፓርሰን ግን ጋዜጠኛውን "ሀከር" ብለው በሕግ እንደሚጠየቅ ዛቱ። በ2022 ዐቃቤ ሕጉ ክስ አልመሠርትም አለ። ሰውዬው ያየው እኮ የድረ ገጹ ሰርቨር ራሱ ወደ ብሮውዘሩ የላከውን ነው!

የሄልፕ ዴስክ ሰው፦ መምህር፣ እሱ ማየት ነው። እኔ የማወራው ስለ መቀየር ነው።

አስተማሪው፦ ልክ ነህ፣ ይለያያል። ግን የሚቆልፍ ሰው ሁለቱንም አብሮ ነው የሚቆልፈው። ክሮም ዴቭቱልስን የሚዘጋ ፖሊሲ፣ ማለትም የኮምፒውተሮቹ አስተዳዳሪ የሚያዝበት ሴቲንግ፣ አለው፣ አስተዳዳሪው አንዴ ካበራው ተማሪዬ ኢንስፔክት ብሎ አንድ ገጽ እንዴት እንደተሠራ ማየት አይችልም። ስንቱ ኮድ መጻፍ የጀመረው እንዲህ ሲነካካ ነው።

ጉዳዩን ያነሳው፦ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን ይቆለፍ ቢባል አልከራከርም። ፋየርፎክስም አባውት ኮንፊግን የሚያግድ ፖሊሲ አለው። ማሽኑ የነሱ ነው። ትምህርት ቤት ላይ ከመምህሩ ጋር ነኝ።

የሄልፕ ዴስክ ሰው፦ እሺ፣ የግል ኮምፒውተር እንውሰድ። ፋየርፎክስ የተቀየረውን መስመር አድምቆ ያሳያል፣ ጥሩ ነው። ግን እዚያው ገጽ ካልገባህ አታየውም። ብሮውዘሩ በተከፈተ ቁጥር "ይህን ይህን ቀይረሃል" ቢል የክርክሬን ግማሽ እተዋለሁ።

ጉዳዩን ያነሳው፦ ሌላው ግማሽስ?

የሄልፕ ዴስክ ሰው፦ ፊርማ የሌለው ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ ያላረጋገጠው ተጨማሪ ፕሮግራም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው ፋየርፎክስ 48 ጀምሮ በተራው ስሪት ላይ አባውት ኮንፊግ ገብተህ የፊርማ ማጣሪያውን ብታጠፋውም አይጫንልህም። ይህም ይከፈት ነው የምትለው?

ጉዳዩን ያነሳው፦ እሱማ ተቆልፎ ይቆይ። የፈለገ ዴቨሎፐር ኤዲሽን የሚባለውን የፋየርፎክስ የሠሪዎች ስሪት ያውርድ፣ እዚያ ይከፈትለታል።

የሄልፕ ዴስክ ሰው፦ እንግዲያው አንተም ቆላፊ ነህ፤ የምንለያየው በስንቱ በር ላይ ነው።