እህቴ በእኔ ስም ቃል ገባች፤ 12 ዊልቸርና 300 መነጽር እንዴት ድሬ ይደርሳል?

የለገሃሬ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም የድሬ ልጆች። የሐረር ልጆችም ሰላም። እስካሁን ሳነብ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ የምጽፈው ስለቸገረኝ ነው።

ታናሽ እህቴ ድሬ ናት። ዓምና ከሰፈሯ ሰዎች ጋር አንድ የበጎ አድራጎት ክበብ ገባች። መምህራን አሉበት፣ የባንክ ሠራተኞች አሉበት፣ ባጃጅ የሚነዱ ልጆች አሉበት። በየወሩ ያዋጣሉ። በዚህ ዓመት ለተማሪዎች ደብተር አድለዋል፣ የሁለት አሮጊቶችን ጣሪያ ቀይረዋል። ስትነግረኝ ደስ ይለኛል።

ለሰኔ ሦስት ነገር ይዘዋል። ሰኔ 7 የዓለም ደም ለጋሾች ቀን ስለሆነ ያን ቀን አባላቱ ደም ይሰጣሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ወደ ደቻቱ ወንዝ የሚወርዱትን የሰፈሩን ቦዮች ይጠርጋሉ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ለአረጋውያን የዓይን ምርመራ አለ። በነጻ የሚሠሩ ባለሙያዎች አግኝተዋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ስብሰባው መሀል ተነስታ «ወንድሜ አሜሪካ ነው፤ ዊልቸሩንና መነጽሩን እሱ ይልካል» አለች። 12 ዊልቸር። 300 መነጽር። ቃለ ጉባኤ ተይዟል። ፎቶውን ላከችልኝ። ስሜ ከነአባቴ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል፤ ሥሩም ተሰምሮበታል።

የጥገኝነት ጉዳዬ ገና ስለሆነ ይዤ መሄድ አልችልም። የቤት ኪራይ በዚህ ወር ጨምሮብኛል። እዚህ አካባቢዬ ያለ የላየንስ ክበብ አሮጌ መነጽር በሳጥን ይሰበስባል። ሄጄ ጠየቅኳቸው፤ ተቀባዩ ድርጅት ማን እንደሆነ አሳውቀን አሉኝ። አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ደግሞ የማይጠቀምባቸውን ዊልቸሮች ሊሰጠኝ ፈቅዷል። ሁለቱን ወስጃለሁ። ግን በምን ይሄዳል? ቀረጡስ? እህቴን ሰው ፊት ማሳፈር አልፈልግም። የምታውቁ እባካችሁ።

የሳቢያን ሰው፣ ሚኒያፖሊስ

ወንድሜ፣ በዚህ መንገድ ስላለፍኩ የማውቀውን ልንገርህ።

ከዕቃው በፊት ወረቀቱ ነው። ክበቡ ተመዝግቧል ወይ? አገር ቤት እንዲህ ያለውን ሥራ የሚመራው በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ነው። እድርና እቁብ በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም። የእህትህ ክበብ የሰፈር ሰዎች ስብስብ ብቻ ከሆነ፣ ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር፣ «ተቀባይ ድርጅት» ተብሎ ሊጻፍ አይችልም። ላየንሶቹ የጠየቁህም ይህንኑ ነው።

ካልተመዘገበ የተመዘገበ ድርጅት ወይም የመንግሥት ጤና ተቋም ተቀባይ እንዲሆንላችሁ ጠይቁ። ክበቡ አብሮ ያድላል። ተቀባዩ ዕቃውን እንደሚፈልግ በደብዳቤ ይጽፋል። ሰጪው ወገን በነጻ እንደሰጠ ይጽፋል። የዕቃው ዝርዝር በቁጥርና በኪሎ ይሠራል። ከቀረጥ ነጻ የሚባለው ጥያቄ በዚህ ሁሉ ላይ ቆሞ ነው የሚቀርበው። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ደግሞ ዕቃው ከአሜሪካ ከመነሳቱ በፊት ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ተቃጥዬ ነው። እኛ የሆስፒታል አልጋ የጫነ ኮንቴይነር ላክን። ደብዳቤው የተጻፈው ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ ነበር። የማከማቻ ክፍያው በየቀኑ ይቆጥራል። አልጋው ሳይወጣ ክፍያው ከአልጋው ዋጋ በለጠ። ያዋጡት ሰዎች በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ ሲያገኙኝ «የት ደረሰ?» ይሉኝ ነበር። ጥፋቱ የኛው ነበር፣ ችኮላችን።

ለ12 ዊልቸር ኮንቴይነር አትከራይ። ወደ ጅቡቲ ኮንቴይነር የሚልክ ሰው ፈልገህ ቦታ ተጋራ። ድሬ ደረቅ ወደብ ስላላት እስከዚያው ድረስ መምጣት ይችላል። የክበቡን የምዝገባ ወረቀት ካገኘህ ላክልኝ፣ አየዋለሁ።

የከዚራዋ፣ ኦስሎ

ደቻቱን ስትጠራው እንቅልፌ ጠፋ።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998። ድሬ ነበርኩ። ውሃው ከላይ ከተራራው ነው የመጣው። ቀን ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ነጋዴ ሸራ የሚዘረጋበት ደረቅ አሸዋ ሌሊት ከተማውን ይዞ ሄደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጠዋት እናቴ በር ላይ ቆማ የምታውቃቸውን ሰዎች ስም እየጠራች «እሷስ? እሱስ?» ስትል እስከ ዛሬ ይሰማኛል። አሁን እዚህ ቀኑን ሙሉ ቢዘንብ ማንም ቀና ብሎ አያይም። እኔ ግን ዝናብ ሲጠነክር ተነስቼ በመስኮት አያለሁ። ሃያ ዓመት ገደማ ሆነው።

ስለዚህ ለእህትህ ንገራት፣ ከሦስቱ የምወደው ቦዩን ነው። ላስቲክና ፕላስቲክ ጠርሙስ የዘጋው ቦይ ውሃውን ወደ ሰው ቤት ይመልሰዋል።

አንድ ነገር ግን ይጨምሩበት። በ2011 መጨረሻ ችኩንጉንያ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ድሬን ሲመታ እናቴ ሁለት ወር ጣቷን ማጠፍ አልቻለችም። እኔ ቆሻሻ ቦይ ነው ብዬ ነበር። አይደለም። ያቺ ትንኝ ቀን ነው የምትናከሰው፤ የምትራባው ደግሞ ቤት ውስጥ ባጠራቀምነው ንጹህ ውሃ ነው። የድሬን ውሃ ታውቃላችሁ፣ ይመጣል ይጠፋል፤ በርሜል የሌለው ቤት የለም። እናቴ ከዚያ ወዲህ ሰማያዊ በርሜሏን በነጠላ ሸፍና ዙሪያውን በላስቲክ ታስራለች። ውሃ ስትቀዳ ትፈታዋለች፣ ወዲያው መልሳ ታስራለች። የክበቡ ልጆች ቦይ በጠረጉበት ቅዳሜ ቤት ለቤት ዞረው በርሜል ቢያስከድኑ ገንዘብ አይጠይቅም።

ይቅርታ፣ ጥያቄህን አልመለስኩም። ሰኔ መጀመሪያ ላይ እሄዳለሁ። ዊልቸር አልችልም፣ መነጽር ግን ሻንጣዬ ውስጥ ቦታ አለኝ።

የአሸዋ ሰፈሩ፣ ቶሮንቶ

እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ፣ አትቆጡኝ።

ወንድማችን ኪራይ ጨምሮበታል። ወረቀቱ አላለቀም። እና ለ12 ዊልቸር ይጨነቃል! እህትየው ማሰብ ነበረባት። እዚህ ያለን ሰዎች ሁላችንም የዚህ ዓይነት ቃለ ጉባኤ ላይ አለን፣ ስማችን ስለተጻፈና ስላልተጻፈ ነው ልዩነቱ።

ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይሁን ሲባል 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ለቤተሰብ የምንልከው በዛ ብለን ደስ አለን። እህቴ ደውላ ምን አለችኝ? «የላክኸው ብር በዝቷል፣ የሚገዛው ግን አልበዛም።» አሁን ከበፊቱ ጨምሬ እልካለሁ። ልጆቿን አስተምራለሁ፣ የእናቴን የስኳር መድኃኒት እገዛለሁ። ለእኔ በጎ አድራጎት ይሄ ነው።

ደግሞስ ክበብ ለምን አስፈለገ? እኛ እድር የለንም? ሐረሮች አፎሻ የላቸውም? ባነር ሰቅሎ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ፎቶ መነሳት አዲስ ነገር ነው። እድር ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ይደረድራል፣ ማንም ፎቶ አያነሳም።

የጁገሏ፣ ሜልበርን

መጀመሪያ ለጠያቂው፤ እኔ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው።

ወንድሜ፣ አሮጌውን መነጽር ተወው። ያገለገለ መነጽር ለአንድ ሰው ዓይን የተሠራ ነው። የግራና የቀኙ ቁጥር ይለያያል። አንድ በአንድ በመሣሪያ ተለክቶ፣ ታጥቦ፣ ቁጥሩ ተለጥፎበት ነው የሚሰጠው። ላየንስ ይህን የሚያደርጉ ማዕከላት አሉት፣ ሥራቸውንም አከብራለሁ። አንተ ግን ሳይለካ በካርቶን ብትልክ ድሬ ላይ ማን ይለካዋል? አብዛኛው ይጣላል።

ለአረጋውያኑ የሚያስፈልገው በብዛት የንባብ መነጽር ነው። ከ40 ዓመት በላይ የቅርቡን ማየት ለሁላችንም ይከብዳል። መርፌ ክር ማስገባት፣ ምስር መልቀም፣ ቁርኣንና ዳዊት ማንበብ። ለዚህ የሚሆነው አዲሱ፣ ዝግጁው፣ ከመደብር የሚገዛው ነው። ከፕላስ 1 እስከ ፕላስ 3 ከፋፍለህ ግዛ። 300ው ተጠቅልሎ አንድ ሻንጣ ይበቃዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ የዓይን ሞራ ይገኝባቸዋል። ሞራን መነጽር አያነሳውም፣ ቀዶ ሕክምና ነው። ክበቡ ሞራ የተገኘበትን ሰው የት እንደሚልከው አሁኑኑ ይወስን። አለዚያ አሮጊቷን መርምረው «አለብሽ» ብለው ወደ ቤቷ መመለስ ይሆናል።

አሁን ለቶሮንቶው ወንድሜ። አቦ፣ አፎሻን እንዲህ አትጥራው። እኔ ያደግኩት በአፎሻ ነው። እናቴ የሴቶቹ፣ አባቴ የወንዶቹ አባል ነበሩ። ሰርግም ሐዘንም የሚያልፈው በእነሱ እጅ ነው። አፎሻ ግን ለአባሉ ነው የሚቆመው። ከገጠር መጥታ የጁገል ግንብ ሥር የምትሸጥ ሴት ዓይኗ ቢደክም የማን አፎሻ ነው የሚያያት? ክበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ደግሞ ክበብ ለኛ ባዕድ አይደለም። ሮታሪ የሚባለው የበጎ አድራጎት ክበብ በ1905 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ሲጀመር ስሙን ያገኘው ስብሰባው ከአንዱ አባል ቢሮ ወደ ሌላው ስለሚዞር ነው። ጽዋ ማኅበርስ ከቤት ወደ ቤት አይዞርም?

የአሸዋ ሰፈሩ፣ ቶሮንቶ

እህቴ፣ ጽዋ ከጸበል ጸዲቅ ጋር ነው። አታወዳድሪው። የኔ ጥያቄ አንድ ነው፤ የክበቡን ሒሳብ ማን ያያል? የእድር ዳኛ ቢያጠፋ ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ሄጄ እጠይቀዋለሁ።

የገንደ ቆሬው፣ ድሬ

እዚሁ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሙቀቱ አላስተኛ ብሎኝ።

ዊልቸሩን በሚመለከት የአባቴን ልንገራችሁ። አባቴ በስትሮክ ግራ ጎኑ ከደከመ በኋላ ዘመድ ከውጭ ዊልቸር ላከልን። የሚያብረቀርቅ፣ የሆስፒታል ዓይነት። ለሰድር ወለል የተሠራ ነው። የፊቱ ትንንሽ ጎማ ከደጃፋችን ወጥቶ አሸዋው ላይ ሲደርስ ይቀበራል። እኔ ከኋላ ስገፋ አባቴ ወደ ፊት ይደፋል። በሦስተኛው ወር የእግር ማሳረፊያው ተሰበረ። ታይዋን ገበያን ዞርኩ፣ የሚገጥም ጎማ የለም። ከሁሉ የከፋው መቀመጫው ነው። ስፋቱ ለወፍራም ሰው ነው፣ አባቴ ቀጭን ነው፤ ወደ አንድ ጎን እየተንሸራተተ ቂጡ ላይ ቆሰለ። ያንን ቁስል በየቀኑ ያጠብኩት እኔ ነኝ። አሁን ዊልቸሩ ግቢያችን ውስጥ ልብስ ይሰጣበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ስለ ዊልቸር ያወጣውን መመሪያ አንድ ፊዚዮቴራፒስት አሳየኝ። ሰውየው ይለካል፣ ወንበሩ ለመንገዱ ይመረጣል፣ አጠቃቀሙን ይማራል፣ ሲሰበር የሚጠገንበት ቦታ ይኖራል ይላል። ወንበሩን ሰጥቶ መሄድ ብቻውን ሰው ይጎዳል።

ስለዚህ ወንድሜ 12 ሰው ማን ማን ነው ብለህ ለእህትህ ደውል። ስማቸውን፣ ክብደታቸውን፣ የበራቸውን ስፋት፣ ደጃፋቸው አሸዋ ይሁን ኮብልስቶን። ቁጥሩን ማን አወጣው? አራት ሰው ሊሆን ይችላል። እዚህ ብረት የሚሠሩ ጎበዝ ልጆች አሉ፣ በእጅ የሚነዳ ባለ ሦስት ጎማ ይበይዳሉ። ጎማው የትም ይገኛል።

የለገሃሬ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአባትህን ሳነብ ቁጭ አልኩ።

ዛሬ ደወልኩላት። ክበቡ ለመመዝገብ ወረቀት አስገብቷል፣ ገና አልወጣም። 12 የሚለውን ከየት እንዳመጡት ጠየቅኳት። ከሰፈሩ አዛውንት አንዱ «ደርዘን ይሁን» ስላሉ ነው አለችኝ። ዝርዝሩን እንድትሠራ ነግሬያታለሁ። አኩርፋ ነው የዘጋችው። እኔም ከፋኝ፤ ሥራዬ ላይ ሆኜ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰዎቹ ፊት ኩራቷ እኔ መሆኔን አውቃለሁ።

የኦስሎዋ እህቴ፣ መነጽሩን ገዝቼ በአድራሻሽ ብልክ ትወስጂልኛለሽ? ፕላስ 1 ስንት፣ ፕላስ 2 ስንት ልግዛ? ሜልበርን ንገሪኝ።

የከዚራዋ፣ ኦስሎ

እወስዳለሁ። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ አለኝ። አንዱን ባዶ አደርግልሃለሁ።

የሳቢያን ሰው፣ ሚኒያፖሊስ

ቆዩ። 300 አንድ ዓይነት መነጽር ሻንጣ ውስጥ ሲገኝ ለግል መገልገያ አይመስልም። እህቴ፣ ያለ ደብዳቤ እንዳትይዢው። የሚመረምሩት ባለሙያዎች ከሚሠሩበት ተቋም የተቀባይነት ደብዳቤ ይምጣ፣ የግዢውን ደረሰኝ ያዢ፣ ሲጠይቁሽ ቀድመሽ አሳዪ።

የአሸዋ ሰፈሩ፣ ቶሮንቶ

አያችሁ? እድር ቢሆን ይሄ ሁሉ ደብዳቤ ለምን ያስፈልጋል?

የጁገሏ፣ ሜልበርን

እድር መነጽር አስገብቶ ያውቃል? ወንድሜ፣ እናትህ ያረፉ ቀን ድንኳኑን የተከሉልህ ሰዎች ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል። እኔ እነሱን ነው የምለው። ሒሳቡ ይታይ ባልከው እስማማለሁ፤ በየወሩ እዚህ ይለጥፉልን። ክበቡ አያስፈልግም ባልከው ግን እስኪነጋ እከራከርሃለሁ።

የአሸዋ ሰፈሩ፣ ቶሮንቶ

እናቴ በሕይወት ናት፣ አላህ ያቆያት። የስኳር መድኃኒት እገዛላታለሁ አልኩ እኮ። አባቴ ናቸው ያረፉት። አዎ፣ ድንኳን ተክለውልኛል። እኔ አልነበርኩም፣ በስልክ ነው የቀበርኳቸው። እድሩ ምን እንደሆነ ለእኔ አትንገሪኝ።

የጁገሏ፣ ሜልበርን

አፉ በለኝ ወንድሜ። ነፍሳቸውን በጀነት ያኑራት።

የገንደ ቆሬው፣ ድሬ

አባትህ የትኛው እድር ነበሩ? እኔ ጸሐፊውን አውቀው ይሆናል።

የለገሃሬ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የመነጽሩን ቁጥር ክፍፍል አሁንም እጠብቃለሁ። ደግሞ የወሰድኳቸው ሁለት ዊልቸሮች መኪናዬ ውስጥ ናቸው። አንዱ ጠባብ ነው፣ ጎማውም ወፈር ያለ ነው፤ ምናልባት ለቀጭን ሰው ይሆናል። የገንደ ቆሬው ወንድሜ፣ የመቀመጫውን ስፋት ለክቼ ነገ ልጻፍልህ፣ የአባትህን ልክ ንገረኝ።