ካርቡሬተር ከተቀየረለት በኋላ ነዳጅ ሲሰጠው የሚጠፋ የጀልባ ሞተር

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጀልባ ኋላ የሚታሰር፣ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ቱ ስትሮክ ሞተር አለኝ። የድሮው ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ነዳጅ እያንጠባጠበ ስላስቸገረኝ ባለፈው ሳምንት አውልቄ በአዲስ ተካሁት። ሞተሩ አሁን በቀላሉ ይነሳል፤ በሚኒሞም (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር) ያለችግር ይሠራል፤ ነገር ግን ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ስሰጠው ይታፈንና ይጠፋል። ቾኩን በግማሽ ስስበው ግን ይሻለዋል። ካንዴላዎቹን ቀይሬአለሁ፤ ቤንዚኑም አዲስ ነው፤ ዘይቱም በመመሪያው ልክ ተቀላቅሏል። የማስተካከያውን ቪቴ ደጋግሜ ባዞረውም ለውጥ አላገኘሁም። አዲሱ ካርቡሬተር ብልሽት ኖሮት ይሆን ወይስ ስገጥመው ያጠፋሁት ነገር አለ?

መልስ 1

በቾክ መሻሉ ራሱ ትልቅ ምልክት ነው። ቾክ አየሩን አፍኖ የነዳጁን ድርሻ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ሞተርዎ በቾክ የሚሻለው ከሆነ አየር በዝቶበታል ወይም ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል የሚገባውን ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያልፍ የሚያሽገውን ስስ ንጣፍ) ነው። አሮጌውን መልሰው ተጠቅመው ከሆነ፣ ወይም የአሮጌው ቅሪት በደንብ ሳይፋቅ አዲሱ ተደርቦበት ከሆነ፣ በክፍተቱ የሚገባው አየር በካርቡሬተሩ በኩል ስለማያልፍ ቪቴውን የቱንም ያህል ቢያዞሩት አይስተካከልም። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ የነዳጅ ፓምፑ የሚንቀሳቀሰው ከሞተሩ በሚመጣ የአየር ግፊት ስለሆነ፣ በጓርኒሲዮኑ ላይ ለዚሁ የተተወች ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ትደፈናለች።

ሞተሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ በመጋጠሚያው ዙሪያ ጥቂት ውሃ ይርጩ፤ ድምፁ ከተለወጠ አየር የሚያስገባው እዚያ ነው። ለዚህ ሥራ ቤንዚን የሚረጩ ሰዎች አይቻለሁ፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ስለሚያስነሳ ፈጽሞ አያድርጉት።

መልስ 2

በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ካርቡሬተሩን ከማውረድዎ በፊት አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ያድርጉ። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል በነዳጅ ቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ ፓምፕ በእጅዎ ደጋግመው ይጭመቁ። በዚህ ከዳነ ጥፋቱ የካርቡሬተሩ ሳይሆን ነዳጁ በበቂ መጠን ያለመድረሱ ነው፤ የሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) መተንፈሻ ተዘግቶ፣ የነዳጅ ፓምፑ ስስ ጎማ ተቀዶ፣ ወይም ቱቦው ከውስጥ ተላጦ መንገዱን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። የቱቦው መላጥ ከውጭ ስለማይታይ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ቪቴው ለውጥ ያለማምጣቱም አያስገርምም፤ እሱ የሚቆጣጠረው በአብዛኛው ሚኒሞውን ብቻ ሲሆን፣ ነዳጅ ሲሰጡት ሥራው ወደ ዋናው ጂግለር (ነዳጁ ተመጥኖ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ክፍል) ይዞራል። ቪቴውን ሳያስጨንቁ እስኪነካ ድረስ አጥብቀው 1 ዙር ተኩል ያህል ይመልሱትና ከዚያ ይተውት፤ መመሪያው ሌላ ልክ ካለው ግን የመመሪያውን ይከተሉ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ችግሩ እስኪገኝ ድረስ በግማሽ ቾክ እየነዱ አይውጡ። ቱ ስትሮክ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ ነዳጅ ሲያንሰው ቅባትም አብሮ ያንሰዋል፤ ፒስተኑም ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጎማ ፓምፗን ብጭምቅም ለውጥ አልነበረም፤ ውሃ ስረጭ ግን ድምፁ ወዲያው ተለወጠ። ካርቡሬተሩን ሳወርደው በታችኛው ብሎን በኩል የአሮጌው ጓርኒሲዮን ቁራጭ እንደ ድንጋይ ደርቆ ተጣብቆ አገኘሁት። ገጹን ሳልቧጥጥ በጥንቃቄ ፍቄ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገባሁ፤ ሁለቱን ብሎኖችም ተራ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት አጠበቅኋቸው። አሁን ያለ ቾክ እስከ መጨረሻው ነዳጅ ብሰጠውም አይታፈንም። ቪቴው 1 ዙር ተኩል ላይ ነው፤ ከእንግዲህ አልነካውም።